ክራንቻ ያለው በግ

ሙሚና ሰማያዊ ሽፋን ያለው አንድ ደብተር አላት። የፊተኛው ግማሽ ልጇ አፍናን አራተኛ ክፍል ሳለች የማባዛት ሒሳብ የሠራችበት ነው፤ የኋለኛው ግማሽ የእናትየዋ ነው። በእሷ ግማሽ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ፣ በእርሳስ፣ በትልልቅና ጥንቃቄ በበዛበት ፊደል «የማይገጥሙ ነገሮች» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥር አንድ እንዲህ ይላል፦ «በግ ክራንቻ የለውም።»

ይህን የጻፈችው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። አፍናን ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አማርኛዋ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ «እሺ» እና «አልፈልግም» ብቻ ሊቀራት ምንም አልቀረውም ነበር። ሙሚና ልጅ ላይ ሕግ የምታበዛ ሴት አይደለችም፤ ሕግ ማስከበር ጉልበት ይጠይቃል፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ሥራ ቦታ ጨርሳው ነው የምትመጣው። አንድ ብቻ አወጣች፤ መኪና ውስጥ እንግሊዝኛ የለም። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታቸው በሃቫና መንገድ ሃያ ደቂቃ ነው፤ በረዶ ሲጥል አርባ። መጀመሪያ ላይ ሃያውም ደቂቃ ዝምታ ነበር። ምን ተማርሽ ስትባል ምንም፣ ምን በላሽ ስትባል ምንም። አንድ ቀን ሙሚና ልጅቷ ታቅፋው ከምትውለው ወፍራም መጽሐፍ ላይ ዓይኗ አረፈና ይሄ ስለ ምንድን ነው አለቻት።

«ባሕር ስለጠፋባት ከተማ ነው» አለች አፍናን።

«ባሕር እንዴት ይጠፋል?»

«እሱን እኮ ነው የሚፈልጉት።»

ነገሩ በዚህ ተጀመረ። ተከታታይ መጽሐፉ «የጨው በር» ይባላል። አንድ ጠዋት የአንዲት የወደብ ከተማ ሰዎች ሲነሡ ባሕሩ የለም፤ መርከቦቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል፣ ዓሣው ይንፈራገጣል። ኦርዊና የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ባሕሩ የገባበትን በር ፍለጋ ትነሣለች። አፍናን አንድ ቀን ያነበበችውን በማግስቱ መኪና ውስጥ ታወራለች፤ ቃል ሲጠፋት ሙሚና ታቀብላታለች። ጥቂት ወር እንደሄዱ ሕጉን የሚያስታውስ አልነበረም፤ ወሬው ብቻ ቀረ።

ሙሚና የምትሠራው ከድሮው አየር ማረፊያ፣ አሁን ሴንትራል ፓርክ ከተባለው ሰፈር ጀርባ፣ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ፋብሪካ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ቆማ አንሶላ ታጥፋለች። የተቀደደውን ትለያለች፤ የተጠገነውን በጣቷ ዳብሳ ታረጋግጣለች። ጥሩ ጥገና በዓይን አይታይም፤ ጣት ግን ያገኘዋል። ከሥራ ስትወጣ እግሯ የሌላ ሰው እግር ይመስላታል። ከዚያ በኋላ መሪ ጨብጣ ቁጭ ብሎ ባሕሩ የት ገባ ብሎ ማሰብ ለሷ ዕረፍት ነበር።

ችግሩ አንዳንዱ ነገር አልገጥም ማለቱ ነው። አንድ ቀን አፍናን የንጉሡን ግብዣ ስታወራ፣ ሊታረድ የነበረው በግ ከወጥ ቤት አመለጠና የዘበኛውን ጭን በክራንቻው ዘነጠለው አለች። ሙሚና መብራት ላይ ቆማ ነበር። አረንጓዴ በራ፤ አልሄደችም። በግ? በክራንቻው? ከኋላዋ ያለው መኪና ጡሩምባውን ሲነፋ ነው የነቃችው። ልጅቷን ስትጠይቃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንደዚያ ነው የተጻፈው አለች።

ከዚያ ወዲያ ሙሚና ነቅታ ታዳምጥ ጀመር። ንጉሡን የገደሉት አርባ ዓመት ምድር ቤት በተቀመጠ ወተት ውስጥ መርዝ ጨምረው ነው። አርባ ዓመት በተቀመጠ ወተት ላይ መርዝ ምን ያደርጋል፤ ወተቱ ራሱ ይበቃ የለም ወይ? የኦርዊና ድመት ወንዝ ውስጥ ዋኝታ የሰመጠ ሕፃን ልብሱን ነክሳ ጎትታ አወጣች። ይህችው ድመት በሌላ ቀን ከበሩ ላይ ሆና ብትጮህ ወንዝ ማዶ የተኙ ወታደሮች ነቁ። ሙሚና ኮልፌ ስታድግ ቤታቸው ድመት ጠፍቶ አያውቅም፤ ውኃ ጠብ ያለበት ድመት የት እንደሚገባ ታውቃለች። የኦርዊና እናት ደግሞ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ሰማያዊ ጫማዋን አድርጋ ሩቅ አገር ስትሄድ ለልጇ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብላ ነበር። ሦስተኛው ቅጽ አለቀ፣ አራተኛው አለቀ፣ ደብዳቤ የለም። ልጅቷም መጣልኝ ወይ ብላ አትጠይቅም።

እነዚህን ሁሉ እንዳትረሳ ደብተሩ ላይ ጻፈቻቸው። ጽሕፈት አይቀናትም። ትምህርት ያቆመችው ሰባተኛ ክፍል ነው፤ እናቷ ታማ ተኝታ፣ እሷ ደግሞ የአራት ልጆች ታላቅ ነበረች። በአሜሪካ ይህን የሚያውቀው ባሏ ረሻድ ብቻ ነው፤ እሱም የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የወሩን ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አፍናን ሦስተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት የመጣ ፎርም የወላጆችን የትምህርት ደረጃ ይጠይቅ ነበርና ሙሚና አሥራ ሁለተኛ አለች። ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም፤ አፏ ላይ የመጣው እሱ ነው። ልጅቷ በቆንጆ ጽሕፈት ሞላችው፤ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ።

ማጠፊያው ማዶ ቆማ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የምትይዘው ፀዲ ናት። ሙሚና የመጽሐፉን ወሬ የምታካፍለው ለሷ ነበር። ይህቺ ጸሐፊ ጽፋ አታነበውም ወይ እያለች ስታማርርባት ፀዲ አንድ ቀን ሰለቻት።

«አንቺ ሴትዮ» አለቻት፣ «ባሕር የሚያህል ነገር ሲጠፋ ዝም ብለሽ በግ ላይ ትቆሚያለሽ?»

«ባሕሩ የጠፋው ታሪኩ ስለሆነ ነው» አለች ሙሚና። «በጉ ግን በግ ነው።»

ሰባተኛው ቅጽ ያለቀው አፍናን አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ነው። ደብተሩ ላይ ሠላሳ አንድ ነገር ተጽፎ ነበር። ከዚያ ጸሐፊዋ ድምፅዋ ጠፋ፤ ስምንተኛውና የመጨረሻው ቅጽ ዛሬ ነገ ሲባል አምስት ዓመት ሄደ። አፍናን መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ከመኪናው ወሬ ወጣች። ከዚያ ነርስነት ልትማር ግሪሊ ከተማ ያለ ኮሌጅ ገባች። በሙሚና በኩል ካሉት ዘመዶች ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ ናት። ሙሚና ይህን ለሰው አትናገርም፤ ሰው ራሱ እስኪጠይቃት ትጠብቃለች።

ባለፈው መኸር ስምንተኛው ቅጽ ወጣ። ሙሚና ኦሮራ ያለው ላይብረሪ መግቢያ ላይ ተደርድሮ አይታ እዚያው ቆማ ለአፍናን ደወለችላት። አፍናን ሥራ በዝቶባት ነበር፤ ሚድተርም ፈተና አለ፣ ደግሞ እኔ እሱን ነገር ትቼዋለሁ አለቻት። ሙሚና እሺ አለች። ብዙ ነገር ላይ እሺ የምትል ሴት ናት። ግን ባሕሩ የት እንደገባ ሳታውቅ መቅረቷ ከነከናት።

ከጥቂት ወራት በኋላ መላውን ያመጣችው ፀዲ ናት። በድምፅ የሚነበበውን መጽሐፍ ከላይብረሪ በነፃ የሚያወርደውን አፕ ስልኳ ላይ ጫነችላት። ሙሚና እንግሊዝኛ ማንበብ ይከብዳታል እንጂ መስማቱስ አያቅታትም። ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ፣ በሒጃቧ ሥር ከተተችው። ስምንተኛውን ወዲያው ልትጀምር ትችል ነበር፤ ግን ሰው ዕዳውን ሳያጣራ መዝገቡን አይዘጋም በሚል ዓይነት ስሜት ደብተሯን የሥራ ቦታ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣ ከአንደኛው ቅጽ ጀመረች። ጸሐፊዋን በራሷ ቃል ልትይዛት ፈለገች።

በሦስተኛው ቀን ግብዣው ደረሰ። አንባቢው ሰውዬ በዚያ ወፍራም ድምፁ ከወጥ ቤት ያመለጠውን እንስሳ ስም ጠራ፤ አሳማ ነበር። የዱር አሳማ፣ ከነክራንቻው። ሙሚና አንሶላውን ለቀቀችው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ልታቆመው አልቻለችም። ፀዲ ማዶ ሆና የያዘችውን ጫፍ እንደያዘች ምን ነካሽ ትላታለች።

የቀረው ተከታትሎ መጣ። ወተቱ ወይን ጠጅ ነበር፤ አርባ ዓመት መቀመጡም ለዚሁ ነው። ድመቷ ውሻ ናት፤ ያውም አልጋ ላይ የምትተኛ ውሻ። ሙሚና ነገሩ ገባት። በዚያን ጊዜ የአፍናን ጓደኛ የነበረችው የሩዋይዳ እናት፣ ሽፋኑ ላይ አሳማ አይታ የልጇን መጽሐፍ ለላይብረሪ መልሳባት ነበር፤ ሩዋይዳ አንድ ሳምንት አልቅሳለች። አፍናን ይህን አይታ የራሷን መጽሐፍ ሐላል አድርጋ ነው ስታቀርብ የኖረችው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ያቺ ሚጢጢ፣ መኪና ወንበር ላይ እግሯ መሬት ሳይደርስ፣ አሳማውን በግ፣ ወይኑን ወተት፣ ውሻዋን ድመት እያደረገች ሰባት ቅጽ ሙሉ ሳትሳሳት ይዛው ሄደች። ሙሚና ብትጠየቅ ኖሮ መጽሐፉን እንደማትከለክላት ታውቃለች። ግን አልተጠየቀችም። አንድ ሳምንት ሙሉ እየሳቀች፣ ደብተሯ ላይ አንዱን ከሌላው በኋላ ሰረዘች።

ሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ሳቁ ቀረ። የኦርዊና እናት ሩቅ አገር አልሄደችም። ሞተች። ልጅቷ ባሕሩ በተወው ጨው ውስጥ በእጇ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻት፤ ለዚህ ነበር ደብዳቤ የማይመጣው፣ ለዚህ ነበር የማትጠይቀው። ሙሚና ማሽኑን ለፀዲ ትታ መጸዳጃ ቤት ገባችና ቆመች። ሁለተኛው ቅጽ የተወራው በየትኛው ክረምት እንደሆነ ታስታውሳለች። የእንቅርት ኦፕሬሽን ያደረገችበት ክረምት ነው። ከሆስፒታል ወጥታ መጀመሪያ መኪና በያዘችበት ቀን አንገቷ ላይ ፋሻ ነበር። አፍናን ከጎኗ ተቀምጣ፣ ከዚያ የኦርዊና እናት ሰማያዊ ጫማዋን አድርጋ ሩቅ አገር ሄደች፣ ግን ደህና ናት ብላት ነበር። ሙሚና ያን ጊዜ «ግን ደህና ናት» የሚለውን ልብ አላለችውም።

ሰማያዊ ጫማ።

ወደ ማሽኑ ስትመለስ የከነከናት እሱ ነው። በሁለት ቅጽ ውስጥ ጸሐፊዋ የማንንም ጫማ ቀለም አንድ ጊዜ እንኳን አላነሣችም። በምሳ ሰዓት ደብተሩን ገለጠች። ቁጥር አራት፦ «ወተቱን የቀዳው ሰው አረንጓዴ ጫማ ነበረው፤ በኋላ ለምን አልተነሣም?» ቁጥር ሰባት፦ «ድመቷን ለኦርዊና የሰጣት ሰው ቀይ ቦት ጫማ።» እያንዳንዱ የተቀየረ ነገር አጠገብ ጫማ አለ። ልጅቷ የሌለ ነገር ስትጨምር እውነት እንዲመስልላት ለሆነ ሰው ጫማ ታደርግለት ነበር። ሙሚና ገጹን በጣቷ ዳበሰች። አንሶላ ላይ ጥገናው የት እንደጀመረና የት እንዳለቀ እንደምታገኘው ሁሉ እዚህም አገኘችው፤ ደስም አላት። የሆነ ሚስጥር የፈታች መሰላት።

ደስታው እስከ ረቡዕ ቆየ። አፍናን ረቡዕና እሑድ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች። ያን ረቡዕ ትምህርት እንዴት ነው ስትባል፣ ደህና ነው፣ ዛሬ ላብራቶሪ ነበረን፣ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ደግሞ ቢጫ ጫማ አድርጋ መጣች አለች።

ሙሚና ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

«ማሚ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «ቢጫ ነው ያልሽኝ?»

ስልኩን ስትዘጋ ደብተሩን አውጥታ አዲስ ገጽ ገለጠች። አናቱ ላይ ምንም አልጻፈችም። ላብራቶሪው ባለፈው ወር ማክሰኞ ነበር፤ አሁን ረቡዕ ሆነ። በፊት ላይብረሪ ነኝ ባለችበት ቀን ከኋላዋ ሕፃናት ይዘምሩ ነበር። ጓደኛዋ ሶልያና ጉንፋን ይዟት ተኝታለች በተባለበት ቀን፣ በዚያው ወሬ መጨረሻ ላይ፣ ሶልያና መኪና ይዛ ስትመጣ እንወጣለን ተብሎ ነበር። «ዶርም ያስገባችን ሴትዮ ግራጫ ስኒከር አድርጋ ነበር»፤ ይሄኛው ከጃንዋሪ ወሬ ነው። ሙሚና እየጻፈች ሄደች፣ ገጹ ሞላ። እርሳሱን አስቀመጠችው። እነዚህ የኦርዊና አልነበሩም። አፍናን ግሪሊ የለችም፤ ወይም ካለች ትምህርት ላይ አይደለችም።

መጀመሪያ ያሰበችው መደወል ነው። ቀጥሎ ያሰበችው ለሶልያና መደወል ነው። ሁለቱንም ተወች። አፍናንን ታውቃታለች፤ ከያዘቻት ለአንድ ሰው ሌላ ጫማ አድርጋለት ትመጣለች። ሙሚና የፈለገችው ልጇን መያዝ አልነበረም። ልጅቷ ራሷ ሳትለውጠው እንድትነግራት ነው። እንዴት ተደርጎ ይሆናል የሚለውን ግን አላወቀችም። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ እስከ ሰባተኛው ያለውን ቅጽ እየሰማች፣ እያጠፈች፣ እየሰረዘች ሦስት ሳምንት አሰበችበት። ከሠላሳ አንዱ ሠላሳው ተሰረዘ። አንድ ቀረ። ስምንተኛውን አልጀመረችውም።

በነዚያ ሳምንታት አንድ ነገር ታያት። ደብተሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ነበር፤ ጸሐፊዋ አለች፣ አፍናን አለች። እሷ አልነበረችም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ግን የልጇን የክፍልፋይ ሒሳብ ማየት የማትችል ሴት ምን ያህል ትገጥማለች? አፍናን ስትጠይቃት የአሜሪካ ሒሳብ ሌላ ነው ትላት ነበር። ያም እንግዲህ ጫማ ነው።

ቅዳሜ አፍናን እንድትመጣ ጠራቻት፤ የምታግዘኝ ነገር አለ ብላ። ልጅቷ መጣች፤ ከስታለች። ሙሚና ዕቃ እንገዛለን ብላ መኪና ውስጥ አስገባቻት። ሃቫና መንገድ ላይ ካለው የሐላል ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

«በጉ አሳማ ነው» አለች።

አፍናን አልገባትም። ቀጥሎ ገባት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሳቋ በጣቶቿ መሀል አፈተለከ። ማሚ ሰማሽው እንዴ፣ ሁሉንም ሰማሽው፣ ኦ ማይ ጋድ እያለች ወንበሩ ላይ ተጠቀለለች። ሙሚና ደብተሩን አወጣች። ገጽ በገጽ ሄዱበት። አፍናን ስለ ሩዋይዳ መጽሐፍ ነገረቻት፤ ሙሚና እንደገመተችው ነበር። ወተቱ በጣም አስቸግሮኝ ነበር አለች፤ ጁስ ልለው አስቤ አርባ ዓመት የሚቆይ ጁስ አጣሁ አለች። ውሻዋ ስትጮህ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት ሁለት ቀን ያንን ምዕራፍ ዘልላው ነበር።

ሳቁ ትንሽ እስኪበርድ ሙሚና ጠበቀች።

«እናቷም ሞታለች» አለች።

አፍናን ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እንደ ድሮው። «አንገትሽ ላይ ፋሻ ነበር» አለች። «እያሽከረከርሽ ነበር። እንዴት ብዬ እነግርሻለሁ?»

ከሥጋ ቤቱ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል። ሙሚና ሦስት ሳምንት ማጠፊያው ላይ ቆማ ስትለማመደው የቆየችውን ለመናገር ተዘጋጅታ ነበር፤ ግን ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባትና ባዶውን ተናገረችው።

«እኔ አሥራ ሁለተኛ አልጨረስኩም። ሰባተኛ ላይ ነው ያቆምኩት።»

አፍናን ዘወር አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስድስተኛ ክፍል ሆኜ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጂዳ ሄድኩ ብለሽኛል። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከአዲስ አበባ ተመረቅሁ ብለሽኛል። አይገጥምም፣ ማሚ። ሒሳቡን ሠራሁት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደስ ስለሚልሽ ተውኩት» አለች።

ይህች ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ እናቷን እያየች ዝም ብላታለች። ሙሚናን ሊያሳፍራት ይገባ ነበር፤ አላሳፈራትም። ትከሻዋ ላይ ያለው ነገር ቀለለ፤ ደከማትም። መሪውን ይዛ ቁጭ አለች። ምንም አልጠየቀችም። መጠየቅ የምትፈልገው ነገር አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ነክሳ ያዘችው።

የመኪናው መስታወት በትንፋሻቸው ደበዘዘ።

«ማሚ፣ ግሪሊ የለሁም» አለች አፍናን።

ከጃንዋሪ ጀምሮ ነው። ኬሚስትሪ ሁለት ጊዜ ፌል አደረገች። ከዚያ ትምህርቱን በሙሉ ድሮፕ አደረገች። አሁን ሊትልተን፣ ሶልያና ዘንድ ትኖራለች፤ እዚያው የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ወይስ አንቺ ስለምትፈልጊ ነው የሚለውን አላውቅም አለች። በየረቡዑ ልነግርሽ እያልኩ ስደውል ድምፅሽን እሰማና ሌላ ነገር እናገራለሁ አለች። አጭር ነበር። ውስጡ አስተማሪ የለም፣ ቀለም የለም፣ ማንም ጫማ አላደረገም። ሙሚና ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ብትዳብሰው ስፌት አላገኘችበትም። እውነት መሆኑን ያወቀችው በዚህ ነው።

ቢሆንም በሐሳቧ የነርስ ነጭ ልብስ ለብሳ ያየቻት ልጅ ነበረች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አይታታለች። ይሁን ምንም አይደለም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ዛሬ ደግሞ ሐሰት የመጨመር አቅም አልነበራትም።

«አዝኛለሁ» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«ትመለሻለሽ?»

«አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

«እሺ» አለች ሙሚና። ይሄኛው እሺ ሌሎቹን አይመስልም ነበር፤ አፍናንም ሰምታው ይሆናል፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ሙሚና ለአባቷ ራሷ እንድትነግረው ነገረቻት፤ ማክሰኞ ከመንገድ ይመለሳል፣ እኔ አልጠግንልሽም አለቻት። አፍናን ራሷን ነቀነቀች።

በሩን ልትከፍት እጇን ከሰደደች በኋላ ሙሚና ደብተሩ ትዝ አላት። ያልተሰረዘውን አንዱን አሳየቻት። ቁጥር ሃያ ሁለት። ሦስተኛው ቅጽ ላይ ሽማግሌው ቀዛፊ የአጥንቱን ቁልፍ ለኦርዊና ይሰጣታል፤ እሷም ገደል ውስጥ ትጥለዋለች። ስድስተኛው ቅጽ ላይ ያው ሽማግሌ ያንኑ ቁልፍ ከአንገቱ ያወጣል። ሙሚና በድምፅም ሁለት ጊዜ አዳምጣዋለች፤ እንደዚያው ነው።

አፍናን ደብተሩን ተቀብላ አነበበችው። ዓይኗ እንዳበጠ ፊቷ በራ።

«እሱ የኔ አይደለም» አለች። «እሱ የሷ ነው። ረስታው ነው።»

«ስምንተኛው ላይ ትመልሰው ይሆን?»

«አላነበብኩትም።» ወንበሯን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጋ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሥጋ ቤቱ ተረስቷል። «ገደሉ ውስጥ ወርዶ አንሥቶት ይሆናል።»

«ሽማግሌው? በዚያ ጉልበቱ?»

«ወይ ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንዱን ሰጣት፣ አንዱን ደብቆ ያዘ።»

ሙሚና ነገሩን አመዛዘነችው። ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር አለች።

«ምን ጫማ አድርጎ ነበር?» አለቻት።